ከእሳት ርቆ የሚሞቅ

«ወረፋ በጉድ ይሰጣል እንዴ?» አለች እናቴ።

እንደዚያ መሰለኝ ያለችው። ልጅ ነበርኩ፤ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ የወደቁ ብሎኖችን በማግኔት እለቅም ነበር። የሚታየኝ የሁለቱ እግር ብቻ ነው። ያን ቀን ጠዋት ሁለት ሰዎች «እኔ ቀደምኩ፣ እኔ ቀደምኩ» ተባብለው በራችን ላይ ተደባድበው ነበር። አንደኛው የሌላውን ቬንትሌተር አንስቶ አስፋልቱ ላይ ከስክሶት ሄደ። አባቴ ስብርባሪውን ሲለቅሙ አንድ ሐሳብ መጣላቸው፤ ለእናቴ ግን አልተዋጠላትም።

«ቀድሞ ስለመምጣት ሁሉም ይዋሻል» አሉ አባቴ። ቀጥለው ያሉትን በከፊል ነው የማስታውሰው። «ሰው በሚያውቀው ነገር ሲሰለፍ አይጣላም» ያሉ ይመስለኛል። ወይም «ሲጣላም ያምርበታል» ይሆናል። እናቴ ስትስቅ ግን በደንብ ሰምቻለሁ። ሳቋን ስትጨርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሺ፣ ስትሳሳትስ? አንተን ማን ይዳኝሃል?» አለች።

አባቴ መለሱላት። ነገር ግን በዚያችው ቅጽበት ለሙከራ የተሰካው ሞተር ተነሣና ጉርርር አለ፤ መልሱም ከነነፋሱ ሄደ። ሞተሩ ሲጠፋ የሰማሁት እናቴ «እንግዲህ በቃልህ ይዤሃለሁ» ስትል ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘመን አልፏል። እናቴም አልፋለች። ያ መልስ ግን እንደ ወደቀ ብሎን የሆነ ቦታ ተቀምጦ እንደሚጠብቀኝ ይሰማኝ ነበር።

እኛ ቬንትሌተር ጠጋኞች ነን። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ፊቱ መንገድ፣ ጀርባው አንዲት ትንሽ መስኮት ያላት ጓዳ። ከጣሪያው ላይ የቬንትሌተር ክንፎች ተንጠልጥለዋል፤ ከውጭ ሲነፍስ ያለ ኤሌክትሪክ ይዞራሉ። አባቴ «በነፃ የሚያገለግሉን እነዚህ ብቻ ናቸው» ይሏቸዋል። ታናሽ ወንድሜ የተጣመመ ክንፍ ያቃናል፣ ዘንጉ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ይቀይራል፣ ከደንበኛ ጋር ይቀልዳል። የተቃጠለ ሞተር ወደ እኔ ይመጣል። ያረረውን ሽቦ ነቅዬ አዲስ መዳብ እጠቀልልለታለሁ። ሥራው ችኩል ሰው አይወድም፤ አንድ ዙር ብትዘልዪ ሞተሩ ራሱ ይናገርብሻል። ጠዋት የሽቦውን ጫፍ ስይዝ በልቤ «አደራህን፣ ጌታዬ» እላለሁ። ከዚያ በኋላ እጄ ይሠራል፣ ጆሮዬ ሰው ያዳምጣል።

ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። የማውቀውን ያወቅኩት ቬንትሌተር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ሰው ብርድ ሲገባ ቬንትሌተሩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ያወጣዋል፤ ሙቀት ሲመጣ ከነጋዜጣው ያመጣልናል። እኔም ጋዜጣውን አቃንቼ አነበዋለሁ። ስለዚህ ዓለምን የማውቃት አንድ ዓመት ዘግይቼ ነው። ወንድሜ «እህቴ ነገ የሚሆነውን ባታውቅም አምና በሆነው ማንም አይቀድማትም» እያለ ያሾፍብኛል። ያሹፍ።

አሁን ስለ ልማዳችን ልናገር። ስናገር ደረቴ ነፋ ቢል አይፈረድብኝም።

በኛ በኩል በጋ የምንለው እስከ ሐምሌ የሚበረታውን ሙቀት ነው። የመጀመሪያው ሞቃት ቀን ሲመጣ ሠፈሩ ሁሉ ቬንትሌተሩን በአንድ ጊዜ ያስታውሳል። ትናንት ሹራብ የለበሰ ሰው ዛሬ «ተቃጠልኩ» ብሎ በራችን ላይ ይቆማል። በዚያ ቀን እኛ ዘንድ ማን ቀድሞ መጣ አይባልም። ሁሉም ሰው እውነት የሆነ፣ ግን እውነት የማይመስል አንድ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ጉድ የምንለው እሱን ነው። አባቴ በሩ ላይ ከፍ ባለች ወንበር ይቀመጣሉ፤ በእጃቸው ብሎን የሚፈቱባት ባለ እንጨት እጀታ አሮጌ ካቻቢቴ አለች። ባለ ጉዱ ይናገራል። አባቴ ወደ ሰልፉ ዞር ብለው «ይህን የሚያውቅ አለ?» ይላሉ። የሚያውቅ ከጠፋና ነገሩ እውነት ከመሰላቸው በካቻቢቴዋ አጠገባቸው ያለውን የቬንትሌተር መከለያ ሽቦ መታ ያደርጉታል። ትንንን! ሰውየው ይገባል። ካልሆነ ካቻቢቴዋን ጭናቸው ላይ ያጋድሟታል። ያን ጊዜ ከሰልፉ መጨረሻ ተመልሶ መቆም ነው፤ ይግባኝ የለም። ሠፈሩ «ዳኛው» የሚላቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ አንድ ዓመት አንገቱን እያሻሸ መጣና፣ «የቀጭኔ አንገትና የእኔ አንገት የአጥንት ቁጥራቸው እኩል ነው፤ ለሷም ሰባት፣ ለኔም ሰባት» አለ። ትንንን። ድምፁ መንገድ የሚያስለቅቀውን ታክሲ ነጂ ጥሩምባ ነው የምንለው፤ እሱ ደግሞ «ቢራቢሮ የምትቀምሰው በእግሯ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«እንግዲያው ያንተ ታክሲ ውስጥ ባትገባ ነው የሚሻላት» አለው ፀጉር አስተካካዩ።

ልብስ ሰፊዋ «ሰው ጠዋት ከማታው ይረዝማል» ብላ አለፈች፤ ከዚያ ወዲያ ሱሪ ያጠረበት ሁሉ «በየትኛው ሰዓት ለክተሽኝ ነው?» እያለ ያስቸግራት ጀመር። እንዲህ እንዲህ እያልን ነው የኖርነው። አዳዲስ ሱቆች ተከፍተዋል፤ የሚያብረቀርቅ ዕቃ ደርድረው «አሮጌውን ጣሉት» ይላሉ። የኛ ሠፈር ሰው ግን በእነሱ በር አልፎ፣ አሮጌውን በብብቱ ይዞ፣ አፉ ውስጥ ጉዱን እያላመጠ ወደኛ ይመጣል። በብርዱ ወራት መጽሐፍ የሚያገላብጥ፣ አዋቂ የሚጠይቅ፣ ሬዲዮ ላይ ጆሮውን የሚለጥፍ ሠፈር ነው። ይህን ያደረጉት አባቴ ናቸው፤ በአንዲት ካቻቢቴ።

አምና ግን እንዲህ ሆነ።

አዋላጇ መጣች። በጤና ጣቢያው ከሠፈሩ ልጆች ግማሹን የተቀበለችው እሷ ናት፤ ሁላችንም «ሲስተር» ነው የምንላት። ቀጥ ብላ የምትራመድ፣ ቀልድ የማታበዛ ሴት ናት። ተራዋ ሲደርስ፣ «በኛ በኩል በጋው በሚበረታበት ሰሞን ምድር ከፀሐይ በጣም የምትርቅበት ጊዜ ነው» አለች።

አባቴ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ሲስተር፣ ደግመሽ በይው እስቲ።»

«ሲሞቀን ሩቅ ነን፤ ሲበርደን ቅርብ ነን።»

አባቴ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ግን ትልቅ ነበር። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከእሳት ርቆ የሚሞቅ አላየሁም! ከምጣድ ርቆ የበሰለ ዳቦስ አይታችኋል?» ሰልፉም አብሮ ሳቀ፤ ዳኛ ሲስቅ የማይስቅ የለም። ካቻቢቴዋ ጭናቸው ላይ ተጋደመች።

ሲስተር አልተከራከረችም። ቬንትሌተሯን አነሣችና ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። ፀሐይዋ ከአናቷ ላይ ወርዳ ጎኗን እስክትነካ ድረስ እዚያው ነበረች። ወረፋዋ ሲደርስ ጉድ አልነገረችም፤ የመጨረሻ ሰው አይጠየቅም። ዕቃዋን ተቀብላ ስትሄድ፣ «አባባ፣ እኔን ካላመኑኝ ፀሐይዋን ይጠይቋት» አለች።

ብርዱ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴና እኔ ብቻችንን እየሠራን ሬዲዮው ስለ ምድር ያወራ ጀመር። ምድር ዘንበል ብላ እንደምትዞር፣ በጋና ብርድን የሚያመጣው ርቀት ሳይሆን ይኸው ማዘንበሏ እንደሆነ፣ በሰሜናዊው የምድር አጋማሽ በጋ በሚሆንበት ወራት ምድር ከፀሐይ እንደምትርቅ ተናገረ። አባቴ ብሎን እያጠበቁ ነበር፤ እጃቸው ቆመ።

«ልጄ፣ ሰማሽ?»

«ሰማሁ፣ አባባ።»

«ምን አለ?»

«ሲስተር ያለችውን አለ።»

ካቻቢቴዋን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው አጋደሟት። ወደ ኋላ የሚላክ ሰው በሱቁ ውስጥ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝምተኛ ሆኑ። አንድ ጊዜ ንጹሕ ሸሚዛቸውን ለብሰው ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ፤ ወዲያው ተመለሱ። «ምነው?» ስላቸው፣ «ወላድ እንጂ ሽማግሌ አይገባም አሉኝ» አሉ። እንደዚያ ያላቸው እንደሌለ አውቃለሁ። በር ደርሰው እግራቸው እምቢ ብሏቸው ነው። ዕድሜ ልኩን ቀና ብሎ የኖረ አንገት ዝቅ ልበል ሲል ይንቋቋል፤ ያረጀ የቬንትሌተር አንገት እንደሚያደርገው።

ዘንድሮ የመጀመሪያው ሞቃት ቀን ሲመጣ ማለዳ ተነሥቼ በሩ ፊት ያለውን መንገድ ጠረግሁ፣ ወንበሯን አወጣሁ፣ ካቻቢቴዋን በጨርቅ አሻሽቼ ላይዋ አስቀመጥኩ። አባቴ መጡ። ወንበሯን አዩዋት፤ አልፈዋት ገቡ።

«ዘንድሮ ዳኝነት የለም» አሉ። «በመጡበት አስተናግዷቸው። የተሳሳተ ዳኛ በወንበር አይቀመጥም።» ይህን ብለው ጓዳ ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉት።

ወንድሜ አየኝ። «በመጡበት? ማን መቼ እንደመጣ መልአክ ካልነገረን በቀር በምን እናውቃለን?»

ሰልፉ ወዲያው ተሰበሰበ፤ ሁሉም የዓመት ጉዱን ይዞ ወንበሯን ያያል። ወንድሜ ሰው እንዳይከፋው ብሎ እሱ ተቀመጠባት። ወንድሜ ጥሩ ልጅ ነው፤ ዳኝነት ግን አልፈጠረበትም። የመጀመሪያዋ ሴት «ድመት ጣፋጭ ነገር አይጥማትም» ስትል ሳቀና ትንንን አደረገ። ሁለተኛው «የዋልታ ድብ ፀጉሩ ነጭ ይምሰል እንጂ ቆዳው ጥቁር ነው» ሲል ትንንን። ሦስተኛው ገና አፉን ሲከፍት ትንንን። ሁሉም አለፈ፤ ሁሉም ሱቁን ሞላው። መዳቤን ረገጡት። አንድ መከለያ ተጣመመ። በመጨረሻም ከመሐል አንድ ሰው፣ ከእናቴ ዘመን ወዲህ በዚህ በር ያልተሰማውን ቃል ጮክ ብሎ ተናገረው፦

«እኔ ነኝ የቀደምኩት!»

«ማን? አንተ? እኔ ስመጣ አንተ ገና ፊትህን እየታጠብክ ነበር!» ጥሩምባ ነበር። ቬንትሌተሩን ወደ ላይ ከፍ አደረገው። የዚያን የጥንቱን ስብርባሪ ድምፅ በጆሮዬ የሰማሁ መሰለኝ።

ሁለቱን ወንድሜ ሲገላግል እኔ ለአየር ብዬ ወጣሁ። ከሰልፉ መጨረሻ፣ ከሰው ራቅ ብላ፣ ሲስተር ቆማ ነበር። ቬንትሌተሯን በጋዜጣ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች።

«ሲስተር! ሌላ ቦታ የወሰድሽው መስሎኝ።»

«ወስጄው ነበር። ‹ጣይውና ሌላ ግዢ› አሉኝ። እኔ ገና ትንፋሽ ያለውን ነገር አልጥልም።» ወደ ወንበሯ ተመለከተች። «አባባስ? አመማቸው?»

«አላመማቸውም። ተሳስቻለሁ ብለው ጓዳ ገብተዋል።»

ፊቷ የለሰለሰ መሰለኝ፤ ግን አልለሰለሰም። «ለማን ነው ተሳስቻለሁ የሚሉት? ለጓዳው? እኔን ወደ ኋላ የላኩኝ መንገድ ላይ፣ ሰው ፊት ነው።»

እውነቷን ነው። እንደዚህ ያለች ሴት በሠፈራችን በመኖሯ ግን፣ ደንቆኝ ይሁን ኮርቼ፣ ውስጤ ሞቅ አለ።

ጓዳ ገባሁ። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የእናቴ ቬንትሌተር በርቷል። አንገቱ ተይዞ ፊቱ ወደ ግድግዳ እንደዞረ የቀረ ነው፤ እናቴ ካለፈች ወዲህ ማንንም አላስነኩትም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ብቻ ይርገበገባል። ገርበብ ባለው በር በኩል ደግሞ ከሱቁ ጥግ የሚሽከረከረው ትልቁ ቬንትሌተር ይታያል።

«ነይ፣ እዚህ ቁጭ በይ» አሉኝ። «ምን ይሰማሻል?»

«ነፋስ።»

«ከየትኛው?»

እጄን ዘረጋሁ። «ከዚያኛው። ከሱቁ።»

«አየሽ? ይሄኛው አጠገቤ ነው፤ ግን ፊቱን አዙሮብኛል። ያኛው ሩቅ ነው፤ ግን ወደኔ ይመለከታል። ምድርም እንደዚሁ ናት። በበጋ ራቅ ብንልም ፊታችንን ወደ ፀሐይ እናዞራለን።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዕድሜ ልኬን በእጄ የያዝኩት ነገር ነው፣ ልጄ። ‹ከእሳት ርቆ የሚሞቅ አላየሁም› አልኩ። በየቀኑ አይቻለሁ!»

«ታዲያ ይህን ውጭ ለምን አይናገሩትም?»

«ዳኛ ከተሳሳተ በኋላ ምን አፍ አለው?»

ከውጭ የጥሩምባ ድምፅ ግድግዳውን ያንቀጠቅጣል። እዚያች ጓዳ ከቀሩ ልማዳችን ዛሬውኑ እንደሚያልቅ፣ እሳቸውም ቀስ በቀስ አብረውት እንደሚያልቁ ታወቀኝ። ጌታዬ ቃል እንዲሰጠኝ በልቤ ለመንኩ። የመጣልኝ ያ ከጠረጴዛ ሥር የቀረው ነገር ነው።

«አባባ፣ ልጅ ሆኜ እናቴ ‹ስትሳሳትስ ማን ይዳኝሃል?› ብላ ስትጠይቅዎ ሰምቻለሁ። መልስዎን ግን ሞተሩ ዋጠብኝ። ምን ነበር ያሏት?»

አባቴ ለረጅም ጊዜ የእናቴን ቬንትሌተር አዩት።

«ሰምተሽ ነበር እንዴ?» አሉ። «‹ያን ጊዜ እንደ ማንኛውም ሰው እሰለፋለሁ› ነው ያልኳት።»

እውነት ያኔ ያሉት ይሁን፣ ወይስ ዛሬ ሲጠየቁ የመጣላቸው፣ እስካሁን አላውቅም። ደግሜም አልጠየቅኩ። ተነሡ። የእናቴን ቬንትሌተር ከሶኬቱ ነቀሉት፤ ሽቦውን ጠቅልለው በብብታቸው ያዙት። «ልያዝልዎት?» ስላቸው፣ «ባለ ዕቃው ነው የሚይዝ» አሉኝ።

ሲወጡ ጥሩምባ ቬንትሌተሩን ዝቅ አደረገ። ወንድሜ ከወንበሯ ላይ ዘሎ ተነሣ።

«አባባ፣ ወንበርዎ እዚህ ነው!»

«አይቼዋለሁ። ዓይኔ ገና አልጠፋም።»

ወንበሯን አልፈው፣ በሰልፉ ጎን ጎን ሄዱ። የሠፈሩ ሰው ሁሉ አንገቱን እያዞረ ያያቸዋል። መጨረሻ ደረሱና ከሲስተር ኋላ ቆሙ። ሲስተር አልዞረችም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አባቴን በዚያ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ቁመታቸው ረዝሞ አላየሁትም።

«እንግዲህ ጉድ አለኝ» አሉ፤ ድምፃቸው የሱቁ በር ድረስ ይሰማል። «በዚህ ሰልፍ ውስጥ ማንም የማያውቀው። አምና ሲስተር ‹በጋው ሲበረታ ምድር ከፀሐይ ትርቃለች› አለች። እኔ ስቄ ወደ ኋላ ላክኋት። እሷ ያለችው እውነት ነው። ዳኛው ተሳስቷል።»

ጥሩምባ አላስቻለውም።

«አባባ፣ እሱንማ ስንት ዘመን እናውቀዋለን! እኔን ስንቴ ወደ ኋላ ልከውኛል!»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ፀጉር አስተካካዩ ወደ አባቴ መላጣ እያየ፣ «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ሁለቱንም እኔ አይቻለሁ» አለ። አባቴም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«መልካም። ታዲያ ማን ይፍረድ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ሲስተር ናታ» አሉ አባቴ።

ሲስተር አሁን ዞረች። «እኔ ልጅ አዋልዳለሁ እንጂ ጉድ አላዋልድም።»

«ያው ነው» አላት ወንድሜ። «ሁለቱም ሲወጡ ይጮኻሉ።»

ሲስተር እንደምትስቅ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። እምቢ አለች፤ ሥራ አለብኝ አለች፤ ቬንትሌተሬን ማን ይይዝልኛል አለች። ሰልፉ በአንድ አፍ «እኛ!» አላት። ሄዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ሳታስደግፍ፣ እንደ አረማመዷ ቀጥ ብላ። ካቻቢቴዋን አነሣች። ሱቁ ውስጥ የገቡትን ሁሉ መልሳ አስወጣች። ከዚያም ወደ አባቴ አየች።

«የአባባ ጉድ» አለች፤ «እውነት ነው። ግን ጥሩምባ እንዳለው፣ ሰልፉ ያውቀዋል። የሚታወቅ ጉድ አያልፍም።» ካቻቢቴዋን ጭኗ ላይ አጋደመቻት። «ወደ ኋላ።»

አባቴ ዞር ብለው አዩ፤ ከኋላቸው ሰው የለም፣ መንገድ ብቻ ነው። ቢሆንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱና ቆሙ።

«ትክክለኛ ፍርድ ነው» አሉ።

ወንድሜ በርጩማ ይዞላቸው ሮጠ፤ መለሱት። ፀጉር አስተካካዩ «አባባ፣ የኔን ቦታ ይውሰዱ» አላቸው፤ እምቢ አሉት። ከሰዓቱን ሁሉ ቆሙ። አንድ አንድ ሰው ባለፈ ቁጥር የእናቴን ቬንትሌተር አንሥተው አንድ እርምጃ ይጠጋሉ። እኔ መዳቤን እየጠቀለልኩ በበሩ አያቸዋለሁ። አንድ ዙር ዘልዬ እንደሆን እንጃ፤ ለሥራዬ የማላዝንበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው። ሲስተርም ስትፈርድ ሰማኋት፤ ትጠይቃለች፣ ታስባለች፣ አትቸኩልም፣ ለማንም አታዳላም። ያቺ ትንንን የምትል ድምፅ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል የአባቴ ተራ ደረሰ።

«የመጨረሻ ሰው አይጠየቅም» አለች ሲስተር። «ይግቡ።»

«እኔ ልጠየቅ» አሉ። «ቬንትሌተር ክፍል አያቀዘቅዝም። የሚያቀዘቅዘው ሰውን ነው፤ ነፋሱ ላባችንን ስለሚያደርቅ። ሰው በሌለበት ባዶ ክፍል ካሽከረከርከው፣ ሞተሩ ስለሚግል ክፍሉን ጭራሽ ያሞቀዋል።» የእናቴን ቬንትሌተር በመዳፋቸው ዳበሱት። «ይህ ቬንትሌተር ለግድግዳ ሲነፍስ ነው የኖረው። አንገቱ እንዲቃና ነው ያመጣሁት።»

ሲስተር ወደ ሰልፉ ዞረች፤ ቬንትሌተራቸው ተሠርቶ ሳለ ወደ ቤታቸው ያልሄዱ ሰዎች ቆመው ነበር። «ይህን የሚያውቅ አለ?»

እኔ አውቀው ነበር፤ ወንድሜም። ሰልፍ ውስጥ ግን አልነበርንም። ካቻቢቴዋ መከለያውን መታችው፤ ትንንን!

ወንድሜ ያንን አንገት ሲፈታ፣ ሲያጸዳ፣ ዘይት ሲያጠጣ አባቴ በአጠገቡ ቆመው አዩ። ሲበራ ክንፉ ተሽከረከረ፤ አንገቱ ትንሽ አመነታና ቀስ ብሎ ከአንዱ ወደ አንዱ ዞረ፤ ሁላችንንም በየተራ ነፈሰብን።

ሲስተር ከወንበሯ ወርዳ ካቻቢቴዋን ለአባቴ ዘረጋች። «ለከርሞ የእርስዎ ነው።»

«የተሳሳተ ዳኛ...» ብለው ጀመሩ።

«ብቻዬን አልቀመጥም» አለች። «እኔም አንድ ቀን እስታለሁ። አግዳሚ ወንበር ይምጣና ሁለታችን እንቀመጥ።»

አባቴ አግዳሚ የሚባል ነገር በሕይወታቸው አልወደዱም። ወደኔ አዩ፤ ወደ እናቴ ቬንትሌተር አዩ።

«ካቻቢቴዋን ግን እኔ ነኝ የምይዛት» አሉ።

«ሲሳሳቱ እቀማዎታለሁ።»

አባቴ አሰቡ። ቬንትሌተሩ ዞሮ እሳቸው ጋ ደረሰ፣ አለፋቸው፣ ደግሞ ተመልሶ መጣ።

«እሺ» አሉ።